በሦስት ደቂቃ የሚደርቀው

(መታጠቢያ ቤት። ሰፈሩ ሊቁ የሚለው ቧንቧ ሠራተኛ ቀኝ እጁን የተቦረቦረ ግድግዳ ውስጥ ከትቶ የተበሳውን ቧንቧ በጣቱ ደፍኗል። የሚስቱ ወንድም፣ አማቹ፣ ባልዲ ውስጥ ሲሚንቶ ያቦካል።)

አማቹ፦ ጋሼ፣ ከረጢቱ እኮ የሚለው ሦስት ደቂቃ ነው።

ሊቁ፦ ሃያ ዓመት ሲሚንቶ ሳቦካ ከረጢት አንብቤ አላውቅም። ከግማሽ ሰዓት በፊት አይዝም አልኩህ።

አማቹ፦ በቀይ ነው የተጻፈው።

ሊቁ፦ ለማያውቅ ሰው ነዋ። ይልቅ እጄ ዙሪያ ጠቅጥቀው።

አማቹ፦ እጅህ እያለ?

ሊቁ፦ ጣቴን ካነሳሁ ውሃው ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ሊይዝ ሲል ቀስ አድርጌ አወጣዋለሁ። የዛሬው ሥራ ካማራት አከራይዋ የሕንፃውን ቧንቧ በሙሉ ትሰጠኛለች። አሥራ ሁለት ቤት! አንተ ከረጢት አንብብ።

አማቹ፦ እሺ። (እየጠቀጠቀ) አንድ ነገር ልንገርህ...

ሊቁ፦ ሥራ ላይ ወሬ የለም። እስከ አንጓዬ ሙላው።

አማቹ፦ አይሞቅም?

ሊቁ፦ ይሞቃል፣ ምን አለበት። ይኸው በአንድ ጣት ጠብታ አላሳለፍኩም። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ ዋኝተን ነበር።

አማቹ፦ ሦስት ደቂቃ ሞላ።

ሊቁ፦ ኤጭ! ቆይ አውጥቼ ላሳይህ። (ይስባል። ደግሞ ይስባል። አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ይስባል።)

አማቹ፦ ግማሽ ሰዓት መቼ ሞላና?

ሊቁ፦ ዝም በልና ጎትተኝ! ቀስ... ቀስ በል፣ ትከሻዬን ልትነቅለው ነው እንዴ? ይሄ ሁሉ ስቃይ ውሃው እንዳይፈስ ብዬ ነው።

አማቹ፦ የቱ ውሃ?

ሊቁ፦ የቧንቧው ነዋ!

አማቹ፦ እሱንማ ገና ስንመጣ ቆጣሪው ጋ ዘግቼዋለሁ። ልነግርህ ስል ወሬ የለም አልከኝ።

(ሊቁ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል። ኪሱ ውስጥ ስልክ ይጮኻል።)

ሊቁ፦ አከራይዋ ትሆናለች። ይሄኛው እጄ ጭቃ ነው፣ አንተ አንሳው። ስለ እጄ ግን ትንፍሽ እንዳትል።

አማቹ፦ (ስልኩን አውጥቶ) አቤት እትዬ... አዎ፣ ደርቋል። ድንጋይ ሆኗል... አሁኑኑ ሦስተኛ ፎቅ? እሱን እንኳ አሁን አይመቸውም... እኔ? የሚስቱ ወንድም ነኝ፣ እችላለሁ... አሥራ ሁለቱንም? እግዜር ይስጥልኝ... (ሊቁን ዞር ብሎ አይቶ) ኧረ እትዬ፣ ለእሱ አይጨነቁ። ተቀይሞ የትም አይሄድም።