ጋሽ ወልደኪዳንና የታመመው ኖዝል

ጋሽ ወልደኪዳንን ስለ ሞተር ማን አስተማራቸው? ጎረቤታቸው ሾፌሩ ተረፈ አያውቅም። አጥር ተጋርተው ስምንት ዓመት ኖረዋል። የሚያውቀው ሰውዬው በአውራጃው ግዛት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት እንደሚሠሩ፣ መንጃ ፈቃድ እንደሌላቸውና በሕይወታቸው አንድም ቀን መሪ ጨብጠው እንደማያውቁ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሐኪም የሌለው ወረዳ ሞልቷል፤ ናፍጣ የሚጠጣ ነገር ባለበት ሁሉ ግን ሳይጠሩት መጥቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ኖዝሉ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በሆሳዕና ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ወልደኪዳን ናቸው። ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም በትኖ ወደ ሞተሩ የሚረጭ የጣት ያህል ብረት ነው። ለእሳቸው ግን የበሽታ ሁሉ መነሻ ነው።

የወይዘሮ ትርፊት ወፍጮ የቆመ ጊዜ ኖዝሉ ነው ብለው አስፈቱ። የሰፈሩ ሰው አራት ቀን ሙሉ እህሉን ሌላ ሰፈር ወፍጮ በአህያ ሲያመላልስ ከቆየ በኋላ፣ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ናፍጣ አልቆበት እንደነበር ታወቀ። አላፈሩም። ናፍጣ ቢኖረው ኖሮ ኖዝሉ መታመሙ አይቀርም ነበር ብለው አስረዱ። ሌላ ቀን አንዲት የሚስዮን መኪና ስታልፍ ሰምተው እስከ ገበያው ሮጠው አስቆሟት። ሾፌሩ መኪናዋ የቤንዚን መሆኗን ሲነግራቸው «እሱማ ከድምጿ ያስታውቃል» አሉት።

እና ማክሰኞ ከሰዓት የተረፈ አሮጌ ጭነት መኪና ከሀደሮ ስትመለስ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ እየተንኳኳች፣ ዳገት አልወጣም እያለች ግቢ ስትገባ፣ ተረፈ ገና ከጋቢናው ሳይወርድ ጋሽ ወልደኪዳን አጥሩ ላይ ነበሩ።

ተረፈ ደክሞታል። ሐሙስ ከዶዮገና ድንች ሊጭን ቃል ሰጥቷል። ባለፈው ወር መኪናዋ ተበላሽታ ቀርቶባቸው የገበሬዎቹ ድንች መንገድ ዳር በዝናብ በስብሷል። ሐሙስም ከቀረ ጭነቱን ለሌላው ባለመኪና ለወንዳፈረው እንደሚሰጡና ዳግመኛ እንደማይጠሩት ቁርጡን ነግረውታል። ሌላ ደንበኛ የለውም። ጋራዥ ያለው ደግሞ ሩቅ አገር ነው፤ በዚህ ሁኔታ አትደርስም።

«ካቻቪቴ ላምጣ?» አላቸው፣ ሞተር የሚደመጠው በእሱ መሆኑን ስለሚያውቅ።

«ብረት ለብረት ያዳላል» አሉ ጋሽ ወልደኪዳን። «እንጨት ነው እውነቱን የሚናገር። አንቺ ጣቢታ፣ ዘነዘናውን አቀብዪኝ።»

የተረፈ ሚስት ጣቢታ በርበሬ ስትወቅጥ ነበር፤ ጠረግ አድርጋ ሰጠቻቸው። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲያደምጡ ቆዩና ፊታቸው ቀላ። ከውስጥ የሚቃጠል ነገር አለ አሉ። የሚቃጠለው ጆሯቸው መሆኑን ለመናገር የደፈረ የለም።

ረቡዕ ከቢሮ እንደወጡ ሥራ ጀመሩ። ሞተሩ እየሠራ የየኖዝሉን ቱቦ ማሰሪያ አንድ በአንድ እያላሉ ማዳመጥ ነው። ሲላላ ድምፁ ከተቀየረ ኖዝሉ ደህና ነው፤ ካልተቀየረ በሽተኛው እሱ ነው። ሦስተኛው ላይ ምንም አልተቀየረም። አውጥተው ወደ አንደኛው ቦታ ቢያዛውሩት በሽታው አብሮት ሄደ። ተረፈ ዓይኑን ማመን አቃተው፤ ሰውዬው በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነበሩ። ኖዝሉ ታጠበ፣ ተነፋ፣ ተመለሰ፤ ሞተሩ እንደ አዲስ አዜመ።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አራተኛው ታመመ። እሱን ሲያጥቡ ሁለተኛው። ሌሊቱ በዚሁ አለቀ። ተረፈ ይበቃል ብሎ ለመናቸው፤ ጭነቱን ወንዳፈረው ይውሰደው አለ። ጣቢታ ጌታ ትዕግሥት ይስጥህ ብላው ገባች። እሳቸው ግን ፋኖሱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው መፍታታቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ወገግ ሲል ከአንዱ ኖዝል አንድ ነገር መዝዘው አወጡ። ጣታቸው ላይ ከፀጉር የቀጠነች ነጭ ክር ነበረች። እንሰት የሚፍቅ አገር ልጅ ያችን ክር አይስታትም፤ ቃጫ ናት። የመኪናዋ ማጣሪያ አርጅቶ ከወለቀ ወዲህ ተረፈ ናፍጣውን፣ አገሩ ወተት እንደሚያጠልለው፣ በቃጫ እያጠለለ ነበር የሚሞላው። ብጥስጣሹ ከናፍጣው ጋር እየወረደ ኖዝሎቹን ሲያንቅ ከርሟል። ይህን ማን እንደመከረው ተረፈ ከረሳው ቆይቷል።

ጋሽ ወልደኪዳን ክሯን በሱሪያቸው ጠርገው ኖዝሉ አርጅቷል ቢሉ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ክሯን ይዘው ወደ እሱ መጡ።

«ተረፈ፣ ይህ የኔ ሥራ ነው» አሉ። «ክረምት ላይ በቃጫ አጥልል ያልኩህ እኔ ነኝ። ያለፈው ወር ድንችም በኔ ነው የበሰበሰው።»

ተረፈ ሊቆጣ ፈልጎ ጉልበት አጣ። «ጋሼ፣ አሁን ምን እናድርግ?» አለ ብቻ።

የናፍጣውን ታንከር አራገፉ። ጣቢታ ለቀሚስ ያስቀመጠችውን አቡጀዲ አራት እጥፍ አድርጋ ዘረጋችላቸው፤ ናፍጣው በእሱ ተጠለለ። ስድስቱም ኖዝሎች እንደገና ታጠቡ። ጋሽ ወልደኪዳን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገብ ቤቱን ትተው ጋቢና ገቡ፤ ዳገት ላይ ብትታመም ማን ያደምጣታል ብለው። ዶዮገና ሲደርሱ ወንዳፈረው መኪናውን ሳይጭን ቆሞ ነበር፤ ገበሬዎቹ ተረፈን እስከ ስድስት ሰዓት እንጠብቀው ብለውት ኖሯል። ሠላሳ ስድስቱም ጆንያ ተረፈ መኪና ላይ ተጫነ። ጋሽ ወልደኪዳን ገበሬዎቹንም አንድ በአንድ እየዞሩ ጥፋቱ የእሳቸው እንጂ የልጁ አለመሆኑን ነገሯቸው።

በመልሱ ጉዞ መኪናዋ ሙሉ ጭነቷን ይዛ የመጨረሻውን ዳገት ስትወጣ አልተንኳኳችም፣ አላጨሰችም። ተረፈ ምስክርነታቸውን ሊሰማ ዞር ሲል እንቅልፍ ወስዷቸው ራሳቸው መስኮቱ ላይ ዘንበል ብሎ ነበር። ትንሽ እልፍ እንዳሉ ከብቶች መንገዱን ዘጉበት። እጁን ወደ ጥሩምባው ሰደደና መለሰው። ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ያዘ፤ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ወረደና ከብቶቹን በእጁ እየገፋ አሳለፈ። ሰዓቱን አየ፤ ከቀኑ ስምንት ተኩል ሆኗል፤ ቢሮ አርፍደዋል ብሎ ግን አልቀሰቀሳቸውም።