አዋልድጌሳና የልዩ ልዩ አእምሮዎች ቀን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አራዊት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ አንድ ትልቅ ኮሌጅ ነበረ። ጫካው መቶ ዓይነት ፍጥረት ይኖርበታል፤ ኮሌጁ ግን ማስተማር የሚያውቀው አንድ ዓይነት ተማሪ ብቻ ነበር። ተማሪው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ መምህሩን ዓይን ዓይኑን ያያል፣ ደወል ሲደወል ይነሳል። እንዲህ ያለውን "ጨዋ ተማሪ" ይሉታል። እንዲህ ያልሆነውን ምን እንደሚሉት አይታወቅም፤ እስከ ሁለተኛው ፈተና ድረስ ስለማይቆይ ስም አላወጡለትም።

የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ጎሽ ነበሩ። በመንጋ አካሄድ ጥናት ከፍተኛ ማዕረግ ያገኙ፣ ሲሄዱ መሬት የሚንቀጠቀጥላቸው ትልቅ ምሁር ናቸው። ዲኑ ደግሞ ዝንጀሮ ነበር። ዝንጀሮ በሕይወቱ ከስብሰባ የበለጠ የሚወደው ነገር አልነበረም።

አንድ ዓመት ከሩቅ ደረቅ ሜዳ፣ ምስጥ ከመሬት ቆፍራ የምትበላ አንዲት አዋልድጌሳ ለመማር መጣች። ጆሮዋ ረጅም፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ፣ ጥፍሯ እንደ ዶማ የጠነከረ ነበር። ምስጥ ከመሬት ሥር ሲሄድ ኮቴውን ትሰማለች። ስታስብ ደግሞ የፊት እግሮቿ መሬት ይቆፍራሉ፤ እግሮቿ ከቆሙ ሐሳቧም ይቆማል። በአገሯ ይህ ለማንም ገርሞት አያውቅም፤ እዚያ ሁሉም ቆፋሪ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ቀን አራት መቶ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ታጨቁ። በስተቀኟ ጦጣ ብብቷን ታካለች፤ ከበላይዋ ግንደ ቆርቁር በሐሳብ ተውጦ ምሰሶውን ይቆረቁራል፤ ከኋላዋ ስምንት ከርከሮዎች ያንኮራፋሉ። ሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እግሮቿ ወለሉን መጫር ሲጀምሩ ፈታኙ ጮኸባት።

"አንቺ! እግርሽን ሰብስቢ! ይህ እርሻ መሰለሽ?"

ሰበሰበች። ሐሳቧም ተሰበሰበ። ባዶ ወረቀት መልሳ ወጣች፤ ያገኘችውም ዜሮ ነበር። በኮሌጁ ደንብ ሁለት ጊዜ የወደቀ ይባረራል።

አዋልድጌሳ ማመልከቻ ጽፋ ዲኑ ዘንድ ቀረበች።

"ጌታዬ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስፈተን ጸጥ ያለ ቦታና ትንሽ አፈር ቢሰጠኝ ይበቃኛል።"

"አፈር ለምን?"

"ሳስብ እቆፍራለሁ።"

ዝንጀሮ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አቀፋት። "የት ነበርሽ እስከ ዛሬ! እንዳንቺ ያለች ተማሪ ስንፈልግ ነበር እኮ!"

ምስኪኗ ደስ አላት። በዚያው ሳምንት ከጎረቤት ጫካ፣ "አእምሯቸው በተለየ መንገድ ለሚሠራ ተማሪዎች ምን አደረጋችሁ?" የሚል ደብዳቤ መምጣቱን አላወቀችም።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። የልዩ ልዩ አእምሮዎችን ጉዳይ እንዲያጠኑ ሰባት በጎች ተመረጡ። አንዱ በግ "እስማማለሁ" ሲል ስድስቱ "እስማማለሁ" ይላሉ፤ ስለዚህ ሥራው በጣም የተቀላጠፈ ነበር። አዋልድጌሳም እንድትገባ ጠይቃ ነበር። "ጉዳዩ አንቺን የሚመለከት ስለሆነ ገለልተኛ ልትሆኚ አትችዪም" ብለው መለሷት።

ኮሚቴው አርባ ቀን ተሰብስቦ አርባ ቃለ ጉባኤ ጻፈ። በመጨረሻም "የልዩ ልዩ አእምሮዎች ቀን" በታላቅ ድምቀት እንዲከበር ወሰነ። ሦስት መቶ ቆቆች ይዘምራሉ። ጉሬዛዎች ሃያ ከበሮ ይመታሉ። ከአዳራሹ ጀርባ አንድ ጸጥ ያለ ባዶ መጋዘን ነበረ፤ ከበሮዎቹ የሚቀመጡበት ሲጠፋ እዚያ ተከማቹ።

ዝንጀሮ አዋልድጌሳን አስጠርቶ የምሥራቹን ነገራት።

"ጸጥ ያለው ቦታስ ጌታዬ?" አለች።

"እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል።"

"ፈተናዬ እኮ ማክሰኞ ነው!"

"እንዴት ደስ ይላል! በዓሉም ማክሰኞ ነው። የክብር እንግዳዋ አንቺ ስለሆንሽ ከበሮዎቹ አጠገብ ትቀመጫለሽ።"

ከቢሮው ስትወጣ ጆሮዎቿን በሁለት እግሮቿ ይዛ ግንብ ሥር ቁጭ አለች። ወደ አገሯ ለመመለስ ጓዟን ስለመሸከፍ ታስብ ነበር። በዚያ ስታልፍ ያየቻት መምህርት ጃርት ናት። ጃርት ሠላሳ ዓመት ያስተማረች፣ ትንሽ ቁጡ የምትባል አሮጊት ነበረች። ቁጡ ግን አልነበረችም፤ ድንገት ሲጠጓት እሾኳ ይቆማል፣ እሷም ከማንም በላይ በዚህ ታፍራለች።

"ምን ሆነሻል ልጄ?" አለቻት፣ ራቅ ብላ ቆማ።

አዋልድጌሳ ሁሉንም ነገረቻት። ጃርት እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያም፣ "ማክሰኞ የምትፈተኚው የእኔን ትምህርት ነው፤ ጠዋት ወደ ጉድጓዴ ነይ። ጸጥታም አፈርም ሞልቷል" አለቻትና መንገዷን ቀጠለች። ኮሚቴ አላቋቋመችም፤ ቃለ ጉባኤም አልያዘችም።

ማክሰኞ ጠዋት ከበሮው ሜዳው ላይ ሲደለቅ አዋልድጌሳ ከኮረብታ ሥር ባለው የጃርት ጉድጓድ ውስጥ ጥያቄዎቹን ተቀበለች። አንዱን አንብባ ቆፈረች፣ ጻፈች፤ ሌላውን አንብባ ቆፈረች፣ ጻፈች። የመጨረሻውን ጥያቄ ስትመልስ በኮረብታው ማዶ ብቅ አለች። ጃርት ከኋላዋ አፈር ስትጠርግ ዋለች። ወረቀቱ ሲታረም ከመቶ ዘጠና ስምንት ሆነ። ሁለቱ የተቀነሱት ወረቀቱን አፈር ስላስነካች ነው፤ ጃርት በንጽሕና ላይ ቀልድ አታውቅም።

በሜዳው ደግሞ የክብር እንግዳዋ ብትፈለግ ታጣች። ዝንጀሮ ግን አልተደናገጠም። አንዱን ከርከሮ ጎትቶ መድረክ ላይ አወጣና ረጅም ጆሮ እንዲመስል ሁለት የኮባ ቅጠል ግንባሩ ላይ አሰረለት። ከርከሮው በአዋልድጌሳ ስም ተሸለመ፤ ዶክተር ጎሽም አቅፈውት እንባቸውን ጠረጉ።

ውጤቱ ሲሰማ ሰባቱ በጎች በአንድ ድምፅ ተቆጡ። ተማሪ ያለ ኮሚቴው ዕውቅና ከአዳራሽ ውጭ ተፈትኗል! ጃርት ተከስሳ ቀረበች።

"ፈተናው ይሰረዝ" አሉ በጎቹ።

ዶክተር ጎሽ ቀንዳቸውን ነቅንቀው አሰቡ። "ከሰረዝነው ለጎረቤት ጫካ ምን ብለን እንጽፋለን? የረዳነው ተማሪ ብዛት፣ ዜሮ? አይሆንም። ውጤቱ ይጽደቅ፤ 'በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት የተገኘ' ተብሎ ይመዝገብ። ጃርት ግን ያለ ፈቃድ ተማሪ ስለረዳች ከሥራ ትሰናበት።"

"ውጤቱ ትክክል ከሆነ፣ ጥፋቴ ምንድን ነው?" አለች ጃርት።

"ውጤቱ የኮሌጁ ነው" አሉ ዶክተር ጎሽ በትዕግሥት፣ "ጥፋቱ ያንቺ ነው።"

በጎቹ ተስማሙ።

አዋልድጌሳ ይህን ሰማች። እየሮጠች ጃርት ጉድጓድ ደረሰችና ከደጃፉ ራቅ ብላ ቆመች።

"እትዬ፣ በእኔ ምክንያት ነው። እንጀራዎን ዘጋሁብዎት" ብላ አለቀሰች።

"በአንቺ ምክንያት አይደለም" አለች ጃርት። ከመጻሕፍቷ ላይ አፈር ታራግፍ ነበር። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንንም እንዳላስቀይም እሾኬን በጉልበት አስተኝቼ ስብሰባ ተቀመጥኩ። ጀርባዬ የሚያመኝ ለምን እንደሆነ ዛሬ ነው የገባኝ። አሁን ሂጂ፣ ተማሪ። ነገ ትምህርት አለሽ።"

"እርስዎ በሌሉበት አልማርም። የት ላስቀምጥልዎት ይሄን?" አለችና መጻሕፍቱን ተሸከመች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አዋልድጌሳ እዚያው ጃርት ዘንድ እየተማረች ቆፈረች፤ እየቆፈረች ተማረች። ጉድጓዱ ክፍል በክፍል ሰፋ። በመጀመሪያ ዔሊ መጣ፤ አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፣ ያነበበውን ግን አይረሳም። ጃርት ግማሽ ቀን ሰጠችው። ቀጥላ የሌሊት ወፍ መጣች፤ ተዘቅዝቃ ካልተንጠለጠለች ፊደል ይገለባበጥባታል። አዋልድጌሳ ጣሪያው ላይ ሥር ፈልቅቃ የምትንጠለጠልበት አበጀችላት። በዓመቱ ሃያ ሦስት ሆኑ። ሲያልፉ ማንም አያጨበጭብም፤ ሲወድቁም ማንም አይጮህባቸውም። ጃርት እንደገና ታስረዳቸዋለች።

ወሬው ጎረቤት ጫካ ደረሰ። ከዚያም ወደ ኮሌጁ ደብዳቤ መጣ፤ ያንን ድንቅ ማዕከላችሁን ልንጎበኝ እንመጣለን ይላል።

በማግሥቱ ዝንጀሮ ሪባንና መቀስ ይዞ፣ ሰባቱን በጎች አስከትሎ ከጉድጓዱ ደጃፍ ተገኘ።

"እትዬ ጃርት! እንኳን ደስ ያለዎት!" አለ እጆቹን ዘርግቶ። "ይህ ጉድጓድ የኮሌጁ ቅርንጫፍ ሆኗል። እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት በደማቅ ሥነ ሥርዓት እናስመርቀዋለን። ተማሪዎቹን ያውጡልኝ፣ ልናከብራቸው ነው!"

ጃርት ከደጃፉ ቆመች። ሊያቅፋት ሲጠጋ እሾኳ ተነሳ፤ በዚህ ጊዜ አላፈረችም፣ አላስተኛችውምም። ዝንጀሮ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በጎቹም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

"ክቡር ዲን፣ ድምፅዎን ይቀንሱልኝ" አለች። "እዚህ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ዛሬ ማንም ተከብሮ አያውቅም። ለዚህ ነው ሁሉም የተማረው።"