ለአንድ ግራፊክስ ካርድ ብዬ ወፍጮ ያስቆምኩ ዕለት

ዛሬ ንፋስ መውጫ ውስጥ ከእኔ የባሰ የተዋረደ ሰው ካለ ይምጣ፤ ቦታውን ልልቀቅለት።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መሳቃችሁ አይቀርም፣ ሳቁ። ከዚያ ግን ትንሽ ዝም ትላላችሁ። እኔ እስካሁን ዝም እንዳልኩ ነኝ፤ ጣቴ ብቻ ነው የሚጽፈው።

እንደምታውቁት ገበያው አጠገብ ሞባይልና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የአጎቴ ልጅ ሄኖክ ደግሞ አዲስ አበባ ነው ያለው። እሱ ከአንድ የተዘጋ ጌም ቤት ያገለገሉ ግራፊክስ ካርዶች ገዝቶ ሪግ ሠራ። ሪግ ለማታውቁት፣ ብዙ ግራፊክስ ካርድ በአንድ ብረት ላይ ተደርድሮ እንደ አንድ ኮምፒውተር ሲሠራ ማለት ነው። ሥራው ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ማይን ማድረግ፣ ማለትም ማውጣት ነው። ቀን ከሌት ቁጥር ይገምታል። ሲሳሳት እንደገና ይገምታል። ድንገት ከገጠመለት ድርሻውን ይቆርሱለታል።

በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን ሲያደርግ ግን ይግላል። ሄኖክ ቤቱ እሳት ሆነበትና ደወለልኝ።

«ስሚ፣ እናንተ ጋ ብርዱ በነፃ ነው አይደል?»

በነፃ ነው እንጂ። ከተማችን ስሟ ራሱ ንፋስ መውጫ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስታወቂያ ይፈልጋል?

ሪጉ በአውቶቡስ መጣ። የቤት አከራዬ እትዬ የሺ እህል ያስቀምጡበት የነበረውን የጓሮ ክፍል ሰጡኝ። ጠባብ መስኮት አለችው፤ መስታወት የላትም። እኔም ከሪጉ ጀርባ እስከ መስኮቷ ድረስ በካርቶን ረዥም ሳጥን ሠራሁ፤ ትኩሱ አየር በዚያ በኩል እንዲወጣ። ፎቶውን እዚሁ ለጥፌው ስንታችሁ «ኢንጂነር» እንዳላችሁኝ አልረሳሁም።

መጀመሪያ ላይ ሪጉ ያለ እንከን ሠራ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ካርድ ከስክሪኑ ጠፋ። ካርዱ ራሱ ቦታው ላይ አለ፤ ሶፍትዌሩ ግን «የለም» ይላል። አንዱ ሲጠፋ ሌሎቹም ሥራ ያቆማሉ። ገመዱን ከፊት በኩል ጫን ጫን አደረግኩና ሪስታርት ሳደርገው ተመለሰ። በማግስቱ ከሰዓት እንደገና ጠፋ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው።

ያልሞከርኩት ነገር አለ ብላችሁ ነው? ካርዱን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩን፣ አዲስ ጫንኩ። አዲሱን አጥፍቼ የድሮውን መለስኩ። ፍጥነቱን ቀነስኩ። አቧራውን ነፋሁ። ካርዱን ከሌላው ካርድ ጋር ቦታ አቀያየርኩት፤ የሚጠፋው ሁልጊዜ በዚያ ጥግ ላይ የተሰካው ሆነ። እንግዲያውስ ጥፋቱ የካርዱ ሳይሆን የገመዱ ነው ብዬ ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ በአዲስ ቀየርኩ። አዲሱ ረዥም ስለነበር የተረፈውን ጠቅልዬ ወደ ኋላ፣ ወደ ካርቶኑ ገፋሁት።

ልብ በሉ። ገፋሁት ነው ያልኩት። አላየሁም።

እሱም አልረዳኝም። ሄኖክ ከአዲስ አበባ ሆኖ በስልኩ ይከታተለዋል፤ በጠፋ ቁጥር ይደውላል። ትናንት ድምፁ ደከመ። «እሑድ እመጣና ይዤው እመለሳለሁ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዘመድ አምኖ የሰጠውን ነገር መልሶ ሊወስድ ነው ስል በመንገድ ያለ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

በዚህ መሀል እትዬ የሺም የራሳቸው ሐዘን ነበረባቸው። ገብስማ ዶሯቸውን ሸለምጥማጥ በላብኝ ብለው እህል አልበላ ብሏቸዋል። እንቁላል የማትነፍግ፣ እጅ የለመደች ዶሮ ነበረች። እኔም ቁጭ ብዬ አጽናናኋቸው።

«አይዞዎት እትዬ የሺ። ለሌላ ጊዜ ካሜራ እገጥምልዎታለሁ።»

ካሜራ። እኔ።

ዛሬ ጠዋት ሪጉ ፊት ተቀምጬ አሰብኩ። ካርዱ ደህና ነው፤ ገመዱ አዲስ ነው፤ የሚጠፋው ከሰዓት ብቻ ነው። ከሰዓት ሰፈራችን ውስጥ ምን ይጀምራል?

የጋሽ እንድሪስ ወፍጮ!

አጥሩ ማዶ ነው። አሁን ገብስ ስለገባ ከሰዓት በኋላ ሳይቆም ነው የሚውለው። ሲነሣ መብራቱን ስቦ ማሽኔን ያጠፋብኛል ማለት ነው። እናንተ ብትሆኑ ሌላ ምን ትላላችሁ? በሎጂክ እኮ ልክ ነበርኩ።

ከሰዓት ወፍጮው ሲነሣ ጠብቄ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ሞልቷል። ከሩቅ፣ ከወገዳ መንገድ አህያቸውን ጭነው የመጡ ሁሉ አሉ። ጋሽ እንድሪስ ዱቄት በዱቄት ሆነው ወጡልኝ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወፍጮዎ መብራት እየሳበ ማሽኔን እያበላሸብኝ ነው።»

ዝቅ ብዬ ብናገር ደህና ነበር። ነገር ግን ወፍጮው ስለሚጮህ ጮኬ ነው የተናገርኩት። ሰልፈኛው ሁሉ ሰማ።

ጋሽ እንድሪስ ቆባቸውን አውልቀው አራገፉ። «ይህ ወፍጮ አንቺ ሳትወለጂ እዚሁ ነው ልጄ። ግን በሰው ንብረት ላይ ጥፋት አድርጌ ማደር አልሻም። ምን ይሻላል?»

«ለሙከራ ያህል ጥቂት ቢያቆሙት።»

አንዲት እናት ከጆንያዋ ላይ ተነሣች። «ኧረ እናንተ፣ እኔ ከንጋት ጀምሬ ነው የቆምኩት። አገሬ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽ መግባት አለብኝ።»

«ትገቢያለሽ» አሏት ጋሽ እንድሪስ። «ልጅቱ ጥፋት አለ ካለች ይጣራ።»

ማብሪያውን ወደ ታች አወረዱት። ወፍጮው እያጓራ ቀስ ብሎ ቆመ።

እስቲ ፍረዱ። የስንቱ እራት የሚሆን ገብስ በእኔ ቃል ቆመ።

በዚህ ቢያበቃስ ምን ነበረ። እሳቸው «እንግዲህ ማሽንሽን እንየው» ሲሉ ሰልፈኛውም ተከተለ። እትዬ የሺ ከማጀት ወጥተው «ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሰው?» እስኪሉ ጓሮው ሞላ። በሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሪጉን አዩት። ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ፤ ስክሪኑ ላይ ካርዶቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው። እኔም እንደ መምህር ቆሜ ስለ ቮልቴጅ ማብራራት ጀመርኩ።

«ይኸው፣ ወፍጮው ቆሟል፤ ማሽኑ ሰላም ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ…»

አንዱ መስመር ቀይ ሆነ።

ወፍጮው እንደቆመ ነው። ካርዱ ግን ጠፍቷል።

ከዚያ ያች እናት ቀስ ብላ «ታዲያ አሁን ወፍጮው ይነሣልን?» አለች።

ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም። የባሰው እሱ ነው። ወደ እኔም አላዩ፤ እንዳላፍር ብለው መሰለኝ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ በዚያች ሰዓት የተመኘሁት ንፋስ መውጫ ላይ ንፋሱ አንሥቶ ሩቅ፣ እስቴ ወረዳ እንዲጥለኝ ነው።

ከእፍረት ብዛት ሶኬቱን ነቀልኩት።

ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ቆሙ። መብራት ሲጠፋ ሁልጊዜ ሱቅ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ጸጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ወፍጮውም የለም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከሪጉ ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ።

ጪው።

«ኮንደንሰሩ ነው፤ የያዘውን መብራት ሲለቅ ይጮኻል» አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ።

እትዬ የሺ ግን ፊታቸው ተለወጠ። በእጃቸው ገለል አደረጉኝና ያን ኢንጂነር ያስባለኝን ካርቶን ከላይ በኩል ቀስ አድርገው ገለጡት።

ገብስማዋ።

ላባዋን ነፍታ፣ ሞቋት፣ ተቀምጣለች። ገለባ አምጥታለች፤ ካርዶቹ ተጠቅልለው የመጡበትን ስፖንጅም ቦጫጭቃ አንጥፋዋለች። በዚያ ላይ የእኔ ረዥም አዲስ ገመድ ከደረቷ ሥር ተጠምጥሟል። ለካ በመስኮቷ ገብታ እንቁላሏን ጥላ፣ ሙቀቱን ወድዳ ታቅፋለች። በተነሣች ቁጥር ገመዱ፣ የድሮውም ሆነ አዲሱ፣ ይጎተታል፤ ካርዱ ይጠፋል።

እትዬ የሺ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አልሞተችም» አሉ። እንባቸው ወረደ።

እና ከክንፏ ሥር አንድ እንቁላል ወጣ ብሎ ይታይ ነበር። ተሰንጥቋል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የመጣንበትን ረሳን። ያን ያህል ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ከስንጥቁ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የምንቃር ጫፍ ታየች። አንድ ጊዜ መታች። አረፈች። የደከማት ስለመሰለኝ እጄን ዘረጋሁ።

እትዬ የሺ እጄን መታ አደረጉት። «ተይው። ራሱ ነው የሚወጣው።»

እንደገና መታች። ቅርፊቱ ዙሪያውን እንደ ክዳን ተነሣ። ያች ወፍጮው ይነሣልን ያለችው እናት ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰብስባ አማተበች። «ሥራህ ድንቅ ነው» አለች በለሆሳስ። ጋሽ እንድሪስ ከኋላዋ «ሱብሐነላህ» አሉ። ስለ ወፍጮው ያነሣ ሰው አልነበረም።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። ሄኖክ፣ በቪዲዮ።

«ደግሞ ጠፋ አይደል?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለምን? አብሪው እንጂ።»

«አይሆንም። ገመዱ ከዶሮ ሥር ነው።»

«ከምን ሥር?»

ካሜራውን አዞርኩለት። «ሁሉም ወጥተው እስኪያልቁ ሪጉ አይበራም። እሑድ ብትወስደውም ውሰደው፤ ዛሬ ግን ከዚህች ሥር ገመድ አልጎትትም።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «ሄኖክ፣ አለህ?»

«ዝም በይ» አለኝ። «እየወጣ ነው።»

ወጣ። እርጥብ፣ ቀጫጫ፣ አስቀያሚ። ሊቆም ሞከረ፤ ወደቀ። እንደገና ሞከረና ቆመ። ገብስማዋ በምንቃሯ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ሸፈነችው። እኔ ሪስታርት፣ ሪስታርት ስል እሷ በእኔ ሁካታ መሀል ይህን ስትሠራ ከርማለች።

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ይህችን እኮ አውቃታለሁ። ከሰዓት ወፍጮውን ስናስነሣ በጓሮ መጥታ የፈሰሰ እህል ትለቅማለች። የሌላ ጎረቤት ዶሮ መስላኝ ነበር።»

ለካ ወፍጮው ሲነሣ ለምሳዋ ትወጣለች። ስትወጣ ገመዱን ትጎትታለች። ዛሬ ደግሞ ጫጩቶቹ ከሥሯ ሲንቀሳቀሱ መረጋጋት አቅቷት ነው።

ጋሽ እንድሪስም ይህን ሲረዱ ሳቁ፤ በመጨረሻ። «እንግዲያማ ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው፤ ቀላቢዋ እኔ ነኝ።»

እኔ ግን ሰው ሁሉ እንዳለ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ወፍጮዎን በከንቱ ወንጅያለሁ፣ ሰውንም አጉላልቻለሁ አልኩ። አንገቴን አቀርቅሬ ስጨርስ፣ «ስምሽ ማን ነበር?» አሉኝ።

«ማስተዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ገብስማዋ እንኳ ቀና ብላ አየችን።

ወፍጮው ሲነሣ የዚያች እናት ገብስ ቀድሞ ተፈጨ። ዱቄቱን ተሸክሜ አህያዋ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤ ይመስክር። ስትሄድ አልረገመችኝም። «ለልጆቼ የምነግረው ነገር አገኘሁ» ብላኝ ሄደች።

አሁን ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። ሪጉ ጠፍቷል። ስልኬን የካርቶኑ ጠርዝ ላይ አስደግፌዋለሁ፤ ሄኖክ እስካሁን መስመሩን አልዘጋም። የሥራ ባልደረቦቹን ሁሉ ጠርቶ እያሳያቸው ነው። ስለ እሑድ ስጠይቀው «እመጣለሁ፣ ግን ጫጩቶቹን ላይ» አለኝ።

እስቲ እናንተም ተናዘዙ። ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ በዚያው ሰዓት እየቆመ ያስቸገራችሁ ነገር ካለ፣ ጎረቤት ከመክሰሳችሁ በፊት ጀርባውን ገልጣችሁ አይታችኋል? ወይስ እንደ እኔ ድራይቨር ነው የቀያየራችሁት?

መልሳችሁን በኋላ አነባለሁ። አሁን ሌላ እንቁላል ተሰነጠቀ።