በዐሥራ አንድ ዓመቷ ካልኩለስ የወሰደችው ልጅ

ዛሬ የሠራሁትን ሰምታችሁ አንፎሎው የምታደርጉኝ ከሆነ አሁኑኑ አድርጉኝና ይለይልን። ደብረ ማርቆስ ትንሽ ከተማ ናት፤ እስከ ነገ ጠዋት ከሌላ ሰው መስማታችሁ አይቀርም። ከሌላ ከምትሰሙት እኔው ልናገር።

ለአዲሶቹ ፎሎወሮቼ፦ ኮሌጅ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። አዎ፣ ስታቲስቲክስ። ቁጥር ማለት ነው። ይቺን ያዙልኝ።

ከመስከረም ወዲህ ደግሞ አካዳሚክ አድቫይዘር ተብያለሁ። ተማሪው ለመመረቅ ምን ምን ኮርስ እንደቀረው እነግረዋለሁ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ከሆነ ደግሞ እዚያ የተማረው እዚህ ይያዝለት እንደሆነ አይቼ እፈርማለሁ። በቃ። ዓይንና እስክሪብቶ ያለው ሰው ሁሉ ይሠራዋል።

እስክሪብቶ ነበረኝ።

ዛሬ የክሬዲት ትራንስፈር ፎርም የሚገባበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ሬጅስትራር ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያመለጠው ተማሪ ለከርሞ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ቢሮዬ ገባች። ስሟ ማስተዋል ነው። እንድጽፈው ራሷ ፈቅዳልኛለች፤ "ይጻፉት ቲቸር፣ ለሌሎች ትምህርት ይሆናል" ብላ። ለሌሎች ያለችው ለኔ መሆኑ ነው።

ማስተዋል ሩቅ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምራለች። ከዚያ እናቷ ታመሙ። ትምህርቷን አቋርጣ አማኑኤል ከተማ፣ ቤቷ ገብታ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አስታመመች። አሁን እናትየው ድነዋል፣ ተመስገን። እሷም ከቤት ሳትርቅ እዚህ ልትጨርስ ነው የመጣችው።

ትራንስክሪፕቷን ዘረጋሁት። ውጤቷ ያስቀናል። ካልኩለስ ኤ! ዓመቱ ጋ ስደርስ 2012 እና 2013 ይላል።

እኛ ኮሌጅ ደግሞ ትራንስክሪፕት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዓይኔ የለመደው እሱን ነው። ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ኮርስ አይያዝም የሚል ሕግም አለን።

"ይሄ እኮ ዐሥር ዓመት አልፎታል" አልኳት።

ግራ ገባት። "ቲቸር፣ ዓመተ ምህረቱ…"

"ችግሩ እኮ ዓመተ ምህረቱ ነው!" ብዬ አቋረጥኳት።

ልጅቷ ገና በሁለተኛው ቃል መልሱን በእጄ ሰጥታኛለች። እኔ ግን መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ።

ደግሞ እኮ ቀና ብዬ አይቻታለሁ። ፊቷ ለስላሳ፣ ገና ልጅ። ይሄኔ መጠርጠር አልነበረብኝም? እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ?

"ዕድሜሽን አትመስዪም። ምንድን ነው የምትቀቢው?"

"ቫዝሊን" አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ "ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ቲቸር" አለችኝ።

በሆዴ ሳቅኩ። ትደብቃለች፣ የኔ ቢጤ ናት አልኩ። እኔም ስጠየቅ ሃያ ስምንት ነው የምለው። ሃያ ስምንት ካልኩ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ግን እዚህ አልጽፍም፣ እናቴም ታነባለች።

ከዚያማ ሌክቸር ጀመርኩ። ዕውቀትም እንደ መድኃኒት ኤክስፓየር ያደርጋል አልኳት። ዓለም ተለውጧል አልኳት። ካልኩለስ ተለውጧል ማለቴንም አስታውሳለሁ፤ ካልኩለስ ምኑ እንደተለወጠ እግዜር ይወቀው።

ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ "ስለዚህ ከፍሬሽማን ልጀምር ነው?"

አዎ አልኳት።

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ገብቷል። ሁለቱ ዓመት ካልተያዘልኝ ይቅርብኝ፣ አልማርም አለች። ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ ወረቀቷን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። "እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ" ብላ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

አመሰግናለሁ አለችኝ እኮ!

እኔም ፎርሙ ላይ በቀይ "አይያዝም" ብዬ ፈርሜ ወደ ሬጅስትራር ላክሁት። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ ሰልፊ ተነሳሁና ያንን ፖስት ለጠፍኩ። አዎ፣ ያንን። "ከባድ ውሳኔ የሚወስን መምህር ሲኖር ነው ትምህርት ጥራት የሚኖረው" የሚለውን። ላይክ ያደረጋችሁ ሁላችሁ የወንጀሉ ተባባሪ ናችሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል። የመምህራን ላውንጅ፣ ተጋቢኖዬ ፊቴ እየተንተከተከ። ሬጅስትራር የምትሠራው ጓደኛዬ ስንዱ የሠራተኛ መረጃ ፎርም ይዛ መጣች። ሞልቼ ሰጠኋት። እሷም የትውልድ ዘመኔን አየችና ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "ይሄ በኛ ነው በፈረንጅ?" አለች።

"በኛ ነዋ! ስምንት ዓመት ልትጨምሪብኝ ነው እንዴ?"

አልኩና…

የጠቀለልኩት ጉርሻ አፌ ላይ ቀረ።

ስንዱ እስከ ዛሬ በዕድሜ ቀልዳብኝ እንደዚያ ደንግጬ አላየችኝም። ተጋቢኖውን ትቼ ሮጥኩ።

ቢሮ ገብቼ የትራንስክሪፕቱን ኮፒ በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ዓመቱ አጠገብ ትልቅ ክብ ማህተም አርፎበታል። ማህተሙ ሥር ሁለት ቀጫጭን ፊደሎች አሉ፦ ኢ.ሲ.። በኢትዮጵያ አቆጣጠር! ልጅቷ ትምህርት ካቋረጠች ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም።

የመታወቂያዋን ኮፒ አወጣሁ። እውነትም ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እንደኔ ሂሳብ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ የገባችው በዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በዐሥራ አንድ ዓመቷ ካልኩለስ ወስዳ ኤ አግኝታለች። እኔም በርቺ ማለት ሲገባኝ ኤክስፓየር አድርጓል አልኳት።

ስታቲስቲክስ ነው የማስተምረው። ይዛችሁልኛል አይደል?

ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደገምኩ፤ ዝግ ነው። የፎርሙ ኮፒ ላይ የነበረው ሁለተኛ ስልክ የተከራየችበት ቤት ጎረቤት ስልክ ሆኖ ተገኘ። ፍራሿን ጠቅልላ ወደ መናኸሪያ ሄደች አለችኝ። ፍራሽ የጠቀለለ ሰው ደግሞ ለአንድ ሌሊት አይደለም የሚሄደው።

ባጃጅ! መናኸሪያ ስደርስ ሰባት ሰዓት ከሩብ። የአማኑኤሉ መኪና ወጥቷል። ቀጣዩ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ረዳቱ "አማኑኤል፣ አማኑኤል!" እያለ ይጣራል። እኔም ውስጥ ተቀምጬ አማኑኤል አማኑኤል እላለሁ፤ የሱ ጥሪ ነው፣ የኔ ጸሎት ነው።

ሁለት ሰው ጎደለ። አንድ ሰው ገባ። ኡፎይ ስል የገባው ሰው ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወረደ። ስምንት ጊዜ ሰዓቴን አየሁ። እግሬን ሳንቀጠቅጥ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ "ልጄ፣ ሽንት ቤት እኮ እዚያ ጋ ነው" አሉኝ።

ከኋላ ደግሞ አንዱ ጎልማሳ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "ቲቸር አንቺ ነሽ አይደል? ጠዋት የለጠፍሽውን አነበብኩት። እንዳንቺ ያለ ይብዛልን።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ችግሩ መሬቱ ላይ ሚኒባሱ ቆሟል።

አማኑኤል ስደርስ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቤቷን ማግኘት አልከበደኝም። አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ በእጁ አሳየኝ። ስገባ ፍራሹ እንደተጠቀለለ በረንዳው ላይ ቆሟል። ማስተዋል አጠገቡ ተቀምጣለች። የኔታ ደግሞ በትራቸውን ተደግፈው ወረቀቷን ያነባሉ። ዕድለኛ ነኝና ሁለት ጎረቤትም አለ።

ተናዘዝኩ። በቆምኩበት፣ በሂል ጫማዬ፣ አንድም ሳላስቀር። ዓመቱን በፈረንጅ አንብቤው ነው፣ በኔ ሂሳብ ገና በልጅነቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ አሁን ከኔ ጋር ከመጣች ሁለቱም ዓመት ይያዝላታል አልኩ።

የኔታ ጨርሰው ሰሙኝ። አሁን ልጅቷ መስማት ከማን እንደወረሰች ገባኝ።

"በስንት ዓመቷ ነው ገባች ያሉት?" አሉኝ።

"በ… ዐሥራ አንድ።"

"በዐሥራ አንድ ዓመቷ እዚህ ዳዊት ስትደግም ነበር" አሉ ረጋ ብለው። "ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ሳልሰማ ኖሯል።"

ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ማስተዋል ግን አልሳቀችም፤ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። የኔታም ወረቀቱ ገቢ ሲሆን በዓይኔ ላየው ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ። እምነት አጥተውብኝ ነው ብዬ ብከፋ ደስ ባለኝ፤ ግን በምን አፌ?

ስንመለስ መንገዱ ላይ ከብት እየተሻገረ ነበር። ስንት ከብት አለ ጎጃም? ሁሉም ዛሬ ነው የተሻገረው። ከማስተዋል ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ፣ ጠዋት ዓመተ ምህረቱ በኛ ነው ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ሊነግረኝ የሞከረን ሰው እንዲህ መጠየቅም ድፍረት ነው።

"ልነግርዎት ነበር እኮ" አለች። "ግን ቲቸር ነዎታ። የሚያውቁት መሰለኝ።"

ይቺ ከሁሉም በላይ አመመችኝ። በየቀኑ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ "ጥያቄ አለ?" የምለው እኔ ነኝ። ስንቱ ይሆን እያወቀ ዝም ብሎኝ የወጣው?

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ሬጅስትራር ደረስን። ስንዱ ቁልፉን ይዛ ቆማለች። ጓደኛዬ ስለሆነች ቶሎ ታሳልፈኛለች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። "አይያዝም" ብለሽ ስለፈረምሽ፣ የሻርሽበትን ምክንያት በእጅሽ ጽፈሽ ፈርሚ አለችኝ። ፋይል ውስጥ ለዘላለም የሚቀመጥ!

"የአቆጣጠር ስህተት" ብዬ ጻፍኩ።

የማን ብለሽ ጨምሪ አለች። "የአማካሪዋ" ብዬ ጨመርኩ። ቀን ጻፊ አለች። ጻፍኩ። አየችውና፣ የተረገመች፣ "በኛ ነው በፈረንጅ?" አለችኝ።

ከዚያ ማህተሙን አነሳችና መታችው። ይያዛል! ሁለቱም ዓመት። ማስተዋል ሦስተኛ ዓመት ገባች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ፊቷ በራ፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን ያየሁት። እኔ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ ከድካም ነው አልኩ፣ አይደለም።

የኔታ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። በትራቸውን ተክለው፣ እኔን እያዩ፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው መረቁኝ።

"ለልጄ የጨመሩላትን፣ እግዜር ለእርስዎም አብዝቶ ይጨምርልዎ።"

"አሜን!" አልኩ። ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ "አሜን የኔታ! አሜን!" ይቅር ስላሉኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሳይዘጋጁበት እንዲህ የሚመርቁ ሰው እያልኩ እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸው።

ስመለስ ስንዱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ምን ሆንሽ?"

ሳቋን ለማቆም ጊዜ ወሰደባት። "ለልጃቸው ምንድን ነው የጨመርሽላት?" አለችኝ።

"ክሬዲት ነዋ።"

"ክሬዲቱማ የራሷ ነው። አንቺ የጨመርሽላትን ነው ያልኩሽ።"

አሰብኩ። አሰብኩ…

ስምንት ዓመት።

አብዝቶ ይጨምርልዎ ነው ያሉኝ። አብዝቶ! የቅኔ መምህር አፍ! እኔም ሦስት ጊዜ አሜን ብያለሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በምስክር ፊት!

አሁን ቤቴ መስታወት ፊት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ግንባሬ ላይ ጠዋት ያልነበረ መስመር አለ። የጠዋቱን ፖስት አጥፍቼዋለሁ። ቫዝሊንም ገዝቻለሁ።

እና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ከመሃላችሁ ሬጅስትራር የሠራ ካለ። አሜን ከተባለ በኋላ ድሮፕ ማድረግ ይቻላል? ፎርሙስ የሚሞላው በኛ ነው በፈረንጅ?