ክንዱ የተላጨ ሰው

ደጋን የሚለጠጥበት አገር ሁሉ አንድ ክንዱ የተላጨ ሰው አያጣም። ቀሪው ገላው እንደማንኛችንም ጸጉራም ነው፤ ግራ ክንዱ ግን ከአንጓው እስከ ክርኑ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነው። በሽታ አይደለም፣ ፋሽንም አይደለም። የፍላጻውን ስለት በሞረድ ከሳለ በኋላ መሳሉን የሚፈትነው በራሱ ጸጉር ላይ ስለሆነ ነው። በበጋው መጀመሪያ ይጀምራል፤ ቅጠል ቀልቶ አደን እስኪከፈት ድረስ ክንዱ ላይ ለፈተና የሚሆን አንድ ጸጉር አይቀርም። ያኔ የሰው ክንድ ማየት ይጀምራል።

የእኛው መንደር ባለ ክንድ ክቡር ሊቀ ሞረድ ቨርነር ሃካላ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም በጋዜጣችን ላይ አንብበውት «ትንሽ ዘገየ» ከማለት በቀር አልተቃወሙም። በሚሺጋን ሰሜን፣ በትልቁ ሐይቅ ዳር፣ አያቶቻችን ከፊንላንድ መጥተው መዳብ በቆፈሩበት ቀዬ ተወልደው እዚያው ሰማንያ ሊደፍኑ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቁም። ሰው ሲያገኙ የሚሉት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ይላጫል?»

አዲሱ ቄሳችን ፍላጻ ገዙ ሲባል የሰሙ ዕለት፣ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አስቁመው «ይላጫል?» አሏቸው። ቄሱ አዲስ ናቸውና እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ሰጡ። በዚያ ዕለት የተባረክነው መሐሉ ላይ መንገድ በወጣለት ክንድ ነው። የእህቴ ልጅ ሲያገባም ሙሽራውን ጓዳ አስገብተው ላጭተውታል፤ «ባል የሚሆን ሰው ስለት ፊት መቆም አለበት» ብለው። የሰው ክንድ ሲያልቅ ውሻው ቀረበ።

«ውሻዬን ምን አደረግከው?» አሉ ባለቤታቸው ሌምፒ፣ ጎኑ ተላጭቶ የሚያፍረውን እንስሳ ይዘው።

«ያድጋል።»

«እኔንስ መቼ ነው የምትላጨኝ?»

«የአንቺ ጸጉር ቀጭን ነው። ፈተና አይሆንም።»

ይህ ሁሉ ግን የሃይማኖታቸው ቅዳሴ ነው እንጂ ሃይማኖታቸው አይደለም። ሃይማኖታቸው ባለ ሦስት ስለት ፍላጻ ነው። ለእሳቸው ዓለም ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ባለ ሦስት ስለት ፍላጻ በያዙና በተሳሳቱ። «ሦስት እግር ያለው በርጩማ አይነቃነቅም፤ ሁለት ስለት የቅቤ ቢላ ነው!» ሲሉ ያልሰማ ሰው መንደራችን ውስጥ ቢኖር ደንቆሮው የአናጢው አጎት ብቻ ነው፣ እሱም ከከንፈራቸው ያነበዋል።

የተሳሳቱት አለቃ ደግሞ የሌምፒ ታላቅ ወንድም፣ የደጋኑ ሱቅ ባለቤት ክቡር ኦኒ ሳሪ ናቸው። ኦኒ የባለ ሁለት ስለት ሰው ናቸው። «እንደ መርፌ ይገባል! ጭንቅላት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የቨርነር ፍላጻ ግን አካፋ ነው» ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዶቹ ሁሉ ሳውና ወደሚባለው የጋለ ድንጋይና የእንፋሎት መታጠቢያ ስንገባ ሁለቱ በአግዳሚው ግራና ቀኝ ጫፍ ይቀመጣሉ፤ እኛ መሐል ሆነን በእንፋሎትና በስድብ እንቀቀላለን። ድንጋዩ ሳይግል እነሱ ይግላሉ። ይህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀጥሏል።

በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ። ይህንንም ቨርነር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት፤ «ስለት የሚመረጠው ለአዳኙ ኩራት አይደለም፣ ለአውሬው ነው። ቶሎ ይሙት፣ ሳይሰቃይ ይሙት። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።» ይህን ሲሉ ኦኒ እንኳ «ልክ ነው» ይላሉ።

ባለፈው ክረምት ቨርነር በረዶ ላይ ወድቀው ትከሻቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ከጠገነላቸው በኋላ ደጋኑን እንዲረሱት ነገራቸው። ልጆቻቸው ከከተማ እንደ ጠመንጃ ቃታ ያለው፣ መለጠጥ የማያስፈልገው ደጋን ላኩላቸው። ቨርነር አመስግነው ተቀበሉና ጎተራ ውስጥ ሰቅለው ሽንኩርት አደረቁበት።

ከዚያ መካሪው በዛ። የፖስታ ቤቱ ሰው መከረ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ መከረች፣ ከአርባ እርምጃ ላይ ጎተራ የማይመታው አማቼ ሳይቀር መከረ። «ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ ቨርነር» አለ፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

«ዕድሜዬን ለመቃብር ቆፋሪው ንገረው» አሉት። «እኔን ስለ ደጋን ጠይቀኝ።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ከመካሪዎቹ ጎን ልቆም ነበር። ግን አንድ ቀን በመስኮት ሳያቸው እንጨት ይጠርባሉ። የቀረውን ክረምት ሙሉ የጠረቡት ሌላ ደጋን ነበር፤ የሳሳ፣ የቀለለ፣ ያ ትከሻ ሊስበው የሚችል። አልሞት ባይ ተጋዳይ ነው ብለህ ትስቅ ይሆናል። እኔ ግን ልቤ ተነካ፤ ይሂዱ፣ ማን ምን አገባው አልኩ።

በበጋው አጋማሽ አዲሱን ደጋን ይዘው ጎተራዬ መጡ። «በሩን ዝጋ» አሉኝ። አሮጌ ምንጣፍ አርጥበን ጠቅልለን አቆምን፤ እንደ ሥጋ የሚከብድ ነገር ነው። ባለ ሦስት ስለቱን ለቀቁ። እስከ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። ደገሙ፤ እንደገና ግማሽ።

«ምንጣፍህ መጥፎ ነው» አሉኝ።

«ምን ሆነ?»

«ግትር ነው።»

ከዚያ ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ባለ ሁለት ስለት ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም።

«ከየት አመጡት?»

«ከመንገድ አነሳሁት።»

ባለ ሁለት ስለት ከመንገድ አይነሳም። ለቀቁት። ምንጣፉን በስቶ ወጥቶ የጎተራዬ ግድግዳ ላይ ተተከለ። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ነገሩ ግልጽ ነበር። የደከመ ደጋን ሦስት ስለት ገፍቶ አያሳልፍም፤ ሁለት ያሳልፋል። በአሮጌው ስለት ቢወጡ አጋዘኑ ቆስሎ ጫካ ውስጥ ይንከራተታል። በአዲሱ ቢወጡ ሠላሳ ዓመት የሰበኩት ስብከት ይወድቃል። ሦስተኛው መንገድ ሽንኩርት የተሰቀለበት ደጋን ነው።

ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። «ስለት የሚመረጠው ለማን ነው?» አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

«ለአውሬው» አልኩ።

«ለአውሬው» አሉ። «ከኦኒ ሱቅ ጥቂት ባለ ሁለት አምጣልኝ። ለእኔ አይደለም። ለአንድ ጓደኛዬ ነው።»

ሄድኩ። ኦኒ ከባንኮኒያቸው ኋላ ሆነው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ለማን ነው?»

«ለአንድ ጓደኛ።»

«ጓደኛህ ትከሻውን ተሽሎታል?»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ቆርቆሮ ይዘው መጡ፤ ውስጡ ያሉት ስለቶች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። «የራሴ ናቸው፤ ስያቸዋለሁ። ውሰድለት» አሉ። «አንተ ጋዜጠኛ፣ ባለ ሦስት ስለት ሥራ ፈቶ የተቀመጠበት ሰው ታውቃለህ? አንድ ደንበኛዬ ይፈልጋል።»

«የትኛው ደንበኛ?»

«ደንበኛ ነዋ! ጋዜጠኛ ነህ ወይስ ፖሊስ?»

ቆርቆሮውን ሲሰጡኝ መንኳኳቱ አልቆመም ነበር። እኔ ስቀበላቸው ቆመ።

ቨርነር አንዱን ስለት አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ሞረዱ የሄደበት መስመር እየተወላገደ ወጥቷል። የሠላሳ ዓመት ፌዝ አሁን ሊፈነዳ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ክንዳቸውን ገለበጡ፤ ጸጉር የለም። በዚህ ዕድሜ የተላጨው ቶሎ አይመለስም።

«ክንድህን አምጣ።»

ለዓመታት በበጋ ሳይቀር ረጅም እጅጌ የለበስኩት ይህን ቃል ፈርቼ ነው። ሰጠሁ። ስለቱ አልላጨም፤ ነጨ።

«አይላጭም!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በል» አሉኝ። ስለቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «የኦኒ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው?»

«እኔም ዛሬ ነው ያየሁት።»

«በየሳምንቱ አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ እኔ አላየሁም» አሉ ቨርነር። «አፉን ብቻ ነበር የማየው።»

ሁለት ስለት ሲሳል ሞረዱን እኩል ዘንበል አድርጎ የሚይዝ የጸና እጅ ይፈልጋል። ሦስት ስለት ግን ሞረዱ ላይ ይተኛል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ጠርዞች አብረው ይነካሉ፤ መግፋት ብቻ ነው። ቨርነር ይህን ለእኔ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ኦኒ ስላሉት ደንበኛ ስነግራቸው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የራሳቸውን ምርጥ ባለ ሦስት ስለቶች ሳሉ፤ በጨርቅ ጠቀለሉ።

«ለደንበኛው ስጥ። ሞረዱ ላይ አስተኝቶ መግፋት ብቻ ነው፣ የጸና እጅ አይፈልግም በለው።» በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። «ቆይ። እንደዚያ አትበለው። ‹የቨርነር ስለት የተሠራው ለሰነፍ ነው፣ ራሱ ይሳላል› በለው። እንደሱ ስትለው ደስ ይለዋል።»

አልኩ። ኦኒ ደስ አላቸው። «ሁልጊዜም ብዬ ነበር!» አሉና ጨርቁን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

አደኑ በዝናብ ተከፈተ። መካሪዎቹ ሁሉ የቨርነርን ባዶ እጅ ለማየት መንገድ ዳር ቆመው ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። እኩለ ቀን ላይ መኪናቸው መጣች፤ ከኋላ ቀንዳም አጋዘን ተጋድሟል። በጣም እስኪቀርብ ጠብቀው ነበር የለቀቁት። ባለ ሁለት ስለቱ ዘልቆ ወጣ፤ አጋዘኑ ከተደበቁበት የዛፍ ማማ ሳይወርዱ፣ ዓይናቸው እያየ ወደቀ። ዳቦ ጋጋሪዋ «እንኳን ደስ አለዎት» አለች። የቨርነር ዓይን ቀልቶ ነበር፤ ዝናቡ ነው አሉ።

ቅዳሜ ሳውናው ጢም አለ። ሁላችንም ራቁታችንን ተቀምጠን ማን ቀድሞ እንደሚሸነፍ እንጠብቃለን። ቨርነር ድንጋዩ ላይ ውሃ ረጩ።

«ሁለት ስለት እንደ መርፌ ይገባል» አሉ። «ጭንቅላት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

ከወዲያኛው ጫፍ ኦኒ ተነሱ። «የቅቤ ቢላ! ሦስት እግር ያለው በርጩማ አይነቃነቅም!»

«ያንተ አካፋ ነው!»

ቄሱ መሐል ላይ ሆነው ላባቸውን እየጠረጉ «ባለፈው ዓመት እኮ እርስዎ…» ሊሉ ጀመሩ።

«ዝም ይበሉ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እነዚህ ሁለቱ የያዙትን ለቀቁ፤ ያልለቀቁት ጠቡን ብቻ ነው። እኔም እንዳይለቁት እጸልያለሁ።

አሁን ከየአደኑ በፊት ሁለቱም ደጄ ይመጣሉ። አንዱ ግራ ክንዴን ይይዛሉ፣ አንዱ ቀኜን። ባለፈው ማክሰኞ አንዱ ላጩ፣ አንዱ ነጩ። ሳላስበው ፊቴን አጨማደድኩ። የላጩት የነጩትን ስለት ከእጃቸው ቀምተው «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ቆሻሻ ነው፣ እስኪ ልየው» እያሉ፣ እየተሳደቡ፣ ሞረዱ ላይ ሁለቴ ሦስቴ አስኬዱትና መለሱላቸው። እንደገና ክንዴ ላይ ተሞከረ።

«ይላጫል?» አሉኝ ሁለቱም።

ሁለቱም ይላጫል። የሽማግሌ ቦታው ምድጃ ዳር ነው የሚል ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ሁለቱንም ክንዴን አሳየዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ማን እንደነጨኝ ግን ቢገርፉኝም አልናገርም።