አባ ቀበቶ ከሠርግ ኮታቸው ጋር የተዋጉበት ዘመን

በቀበቶው መጨረሻ ቀዳዳ ዘመነ መንግሥት፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀዳዳ በወስፌ ይበሳ አይበሳ ተብሎ ሲመከር፣ ጥቁሩ የእግር መኪና በልብስ ስፌት ቤቱ በነገሠ በሠላሳ ዓመቱ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሥዩመ መቀስ፣ መምህረ መርፌ፣ ርእሰ ልብስ ሰፊዎች የሆኑት አባ ቀበቶ ኮት ለበሱ፤ ኮቱም አልተቆለፈም።

ይህም ኮት እንደ ማንም ኮት አልነበረም። አባ ቀበቶ በጉልምስናቸው ማለዳ በገዛ እጃቸው ቀደው፣ በገዛ እጃቸው ሰፍተው፣ ሚስት ያገቡበት ኮት ነው። ከእግር መኪናው በላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ላይ ይኸው ለብሰውት ቆመዋል፤ ቅጥነታቸውም መርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ ክር ያህል ነው። አንዲት ሴት ልጃቸው ለትዳር በታጨች ጊዜ ይህን ፎቶግራፍ ቀና ብላ አይታ፣ ከተወለደች ጀምሮ ይህን ስጠኝ ብላ የማታውቅ ልጅ፣ እንዲህ አለች፦ «አባዬ፣ የሠርጌ ቀን ይሄንን ኮት ለብሰህ ነው የምትሸኘኝ። ሌላ ኮት አላውቅም።» አባ ቀበቶም ወደ ልጃቸው ዓይን እንጂ ወደ ገዛ ሆዳቸው ሳይመለከቱ፣ መላው ሠራተኛ በተሰበሰበበት፣ «እሺ ልጄ፤ እኔ የሰፋሁት ኮት እኔን አይከዳም» ብለው ቃል ሰጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን የሚመልስ አልተገኘም። ሠርጉም ሊደርስ ስምንት ወር ቀርቶት ነበር።

ኮቱ አልቆለፍ ባለ ጊዜ፣ ለልብስ ሰፊ ኮት ማስፋት የግማሽ ቀን ሥራ መሆኑን በዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም። ነገር ግን አባ ቀበቶ ልጃቸው የለመነችው ያንን ኮት እንጂ የኮቱን ዘመድ እንዳልሆነ አስበው፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ከመቱበት በኋላ አዋጅ አስነገሩ፦ «ጨርቅ የምትቀድ፣ ካውያ የምትይዝ፣ ቁልፍ የምትተክይ፣ ስሙ። ከዚህ ኮት አንድ ክር የፈታ፣ አንድ ቁልፍ ያዛወረ፣ ከኔ ጋር በአንድ ጣራ ሥር አይሠራም። ኮቱ እንደተሰፋ ይቆያል። የምጠብበው እኔ ነኝ።»

ወበውእቱ መዋዕል በአባ ቀበቶ ዙሪያ የነበሩ ባለሟሎች እነዚህ ናቸው። ቆራጩ፣ ጠመኔ ከጆሮው ሥር የማይለየው፣ ጨርቅ ከመቅደዱ በፊት እንደ ዳኛ ጉሮሮውን የሚጠርግ። ተኳሹ፣ ጌታ እንፋሎት፣ ስልኩን ከካውያው አጠገብ አቁሞ የዓለምን ዕውቀት ሁሉ ከዚያ የሚቀዳ። ቁልፍ ተካይዋ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለምትናገር ቃሏ በግማሽ የማይሰማ፣ ስለዚህም ማንም ተከራክሮ የማይረታት። ከቤትም ባለቤታቸው፣ ልጅ ሳይወልዱ በፊት በእግር መኪናው ላይ ተቀምጠው የኖሩ፣ መኪናውን ቢተዉም እጃቸው ያልረሳ።

የመጀመሪያውን ዘመቻ የመራ ተኳሹ ነው። ካውያውን በመቀመጫው ላይ አሳርፎ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ጋሼ፣ ሰውየው በቪዲዮ ያሳያል። የጥቅል ጎመን ሾርባ ብቻ። ዳቦ የለ፣ ዘይት የለ፣ ጨው ራሱ በሐሳብ ነው። በሳምንቱ ሆዱ ጀርባው ላይ ተለጠፈ።» አባ ቀበቶም ድስት አስጣዱ፤ ባለሟሎቹም ጌታቸውን በጦር ሜዳ ብቻቸውን መተው ነውር ነው ብለው አብረው ጎመን ጠጡ። የጎመኑም ጠረን በሱፍ ጨርቁ ሁሉ ገባ፤ አንድ ጠበቃም አዲሱን ሙሉ ልብሱን መልሶ አምጥቶ፣ ችሎት ፊት ስቆም ዳኛው የምሳ ሰዓት የደረሰ እየመሰላቸው ተቸገርኩ ብሎ አመለከተ። በሳምንቱ መጨረሻ በፋርማሲው ደጅ ያለው ሚዛን ለአባ ቀበቶ ድልን መሰከረ። በማግስቱ በዳቦ ቤቱ ደጅ አለፉ፤ በእውነቱ ግን አላለፉም። የሄደው ሁሉ ከነጓዙ ተመለሰ።

ወእምዝ ቁልፍ ተካይዋ ተነሣች። መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ ያወጀችው፣ የተሰማው ያህል፣ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ። እስከ ማታ ሌላ ምንም። ሎሚ ስብ ይቆርጣል፤ ድስት ስናጥብበት አላዩም እንዴ?» ከአባ ቀበቶ በቀር ግን ሆዱ ድስት መሆኑን ያመነ ስላልነበረ፣ የቀሩት ሎሚውን በአደባባይ እየጨመቁ ምሳቸውን በመጋዘን በሉ። አባ ቀበቶ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው ይጨልም፣ ቁጣቸው ይቀርብ ጀመር፤ በዚያም ወራት ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ሁለት የግራ እጅጌ ያለው ኮት ሰፉለት። ሰውየውም ለብሶት በመስተዋት ፊት ብዙ ቆየ፤ ስሕተቱ ከክንዱ ይሁን ከኮቱ ለመወሰን ተቸግሮ።

ሦስተኛውን ዘመቻ ቆራጩ ጉሮሮውን ጠርጎ አወጀ፦ «ጠላታችን ዱቄት ነው። እንቁላል። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን እንቁላል፣ ማታ እንቁላል። ወንድ ልጅ ሌላ ምን ይፈልጋል?» ስለዚህ ዘመቻ፣ በእነዚያም ቀናት የልብስ ስፌት ቤቱ መስኮቶች በብርድም ቢሆን ስለ ምን ተከፍተው እንደዋሉ፣ ታሪክ ጸሐፊው ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ግን አባ ቀበቶ ለደንበኛ ግራጫ ጨርቅ ሊያሳዩ ጥቅሉን ሲዘረጉ፣ ከመካከሉ የተገመጠ ዳቦ ወደቀ። ቆራጩ ጣራ አየ፣ ተኳሹ ስልኩን አየ፣ ቁልፍ ተካይዋ ቁልፍ መቁጠር ጀመረች። አባ ቀበቶም በእርጋታ «አይጥ ነው» ብለው ፈረዱ፤ የራሳቸው ቁራሽ በሚቀጥለው ጥቅል ውስጥ እንዳለ ያውቁ ነበርና።

በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው የማሰሮ ክዳን በእጃቸው እንደያዙ ከማድ ቤት ወጥተው በቤቱ ላይ አወጁ፦ «በዚህ ቤት የጎመን ሰሞን አየሁ፣ የሎሚ ሰሞን አየሁ፣ የእንቁላል ሰሞን አየሁ። የሰው ሰሞን መቼ ነው የሚገባው?»

በእሑድ ቀን ደግሞ የአባ ቀበቶ ታላቅ እህት ወደ ቤታቸው መጡ፤ በጤና ጣቢያ ቁስል ሲያጥቡና ሲሰፉ ፀጉራቸው የሸበተ ነርስ፣ አባ ቀበቶን በሕፃንነታቸው በጀርባቸው ያዘሉ፣ ስለዚህም ክብደታቸውን ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁ። ቆራጩና ተኳሹ ለጥየቃ ተገኝተው ሳለ፣ ቦርሳቸውን ከጭናቸው ሳያወርዱ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ «ስማኝ ወንድሜ። ይሄ ሆድ ባንድ ሳምንት የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ሃያ ዓመት አብሮህ የኖረ ነው። ባንድ ሳምንት ውጣ ብትለው ዘመድ ጠርቶ ይመለሳል። የምትበላውን ብላ፣ ግማሹን ተወው። ማታ ከአውቶቡስ ቀደም ብለህ ውረድና በእግርህ ግባ። በጊዜ ተኛ። ከዚያ ዝም በል። ዋናው ዝም ማለቱ ነው።»

ባለሟሎቹም ይህን ምክር ናቁት። ቆራጩ ይሄማ ማንም የሚያውቀው ነው አለ፤ ተኳሹም ይሄ ቪዲዮ ቢሠራለት ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል ሲል ጠየቀ።

አባ ቀበቶ ግን ሦስት ጊዜ በሰው ፊት ወድቀዋል። አራተኛውን በሰው ፊት ለመውደቅ ልባቸው እምቢ አለ። ሰኞ ጠዋትም ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦ «ጦርነቱ አብቅቷል። ምሳችሁን ብሉ። ኮቱን አብሮት ከተሰፋው ሱሪ ጋር ከረጢት ውስጥ ጨምራችሁ መጋዘን ስቀሉት። እስከ ሠርጉ ጠዋት ማንም አይነካውም፤ እኔም አልለካውም። ስለ ሆዴ የሚያነሣብኝ እንዳይኖር።» ባለሟሎቹም ጌታችን እጅ ሰጡ ብለው ተረዱ፤ አንገታቸውንም ደፉ። አባ ቀበቶም ሰፊውን የሥራ ጋውናቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ወደ መኪናው ተመለሱ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ጋውኑን በሰው ፊት አላወለቁም።

የተከተለው ዘመን ለታሪክ ጸሐፊ ክፉ ዘመን ነው፤ የሚጻፍ ጠፍቷልና። አባ ቀበቶ ግማሽ በሉ። ሄዱ። ተኙ። በማግስቱም ግማሽ በሉ፣ ሄዱ፣ ተኙ። በቤት ግማሹን ትተው «ሱቅ በልቻለሁ» ይላሉ፤ በሱቅ ግማሹን ትተው «ቤት በልቻለሁ» ይላሉ፤ ሁለቱም ወገን የሚበሉት ከወዲያኛው ነው ብሎ ተረጋጋ። ማታ አውቶቡሱ ቤታቸው ደጅ ሳይደርስ ከጋራዡ ዘንድ ይወርዳሉ፤ መጀመሪያ ጉልበታቸው አጉረመረመ፣ ቀጥሎ አንድ ውሻ አጉረመረመ፣ በኋላ ሁለቱም ለመዱ። አንዳንድ ሳምንት የፋርማሲው ሚዛን ምንም አልተናገረም፤ እሳቸውም ምንም ሳይመልሱለት ወርደው ሄዱ። አንድ ማታ የባለቤታቸው ሩዝ እጅግ ጥሞ ሙሉ ሰሃን በልተው ጨምሩልኝ አሉ። በማግስቱ ግን ጎመንም አልጠጡ፣ ሎሚም አልጨመቁ፣ ራሳቸውንም አልረገሙ፤ እንደገና ግማሽ በሉ። ከድሎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር፤ ማንም ስላላየው መለከት አልተነፋለትም። የቀበቶውም ቀዳዳዎች አንድ ባንድ፣ ያለ አዋጅ፣ ወደ ኋላ ተገዙ።

ወሶበ በጽሐ የሠርጉ ጠዋት፣ ሁሉም በልብስ ስፌት ቤቱ በትልቁ መስተዋት ፊት ተሰበሰቡ፤ ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ፣ ባለሟሎቹ ታጥበው ተተኩሰው፣ እህታቸው ቦርሳቸውን እንደያዙ። ኮቱ ከመጋዘን ወጣ። በዚያች ሰዓት ቆራጩ፣ ተኳሹ፣ ቁልፍ ተካይዋና ባለቤታቸው ሁሉም ወለሉን ይመለከቱ እንደነበር አባ ቀበቶ አስተውለው፣ ስለ እሳቸው አፍረው መሰላቸው። ከመጋረጃው ኋላ ጋውናቸውን አወለቁ፣ ሱሪውን አጠለቁ፣ ኮቱን ደረቡ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቆለፉ።

ተቆለፈ። ከተቆለፈም በኋላ ሌላ ሰው የሚያስገባ ቦታ ተረፈ። ትከሻው ወደ ክንዳቸው ወረደ፣ ደረቱ እንደ ብርድ ልብስ ተደራረበ፣ ሱሪውን በእጃቸው ባይዙት ኖሮ ለብቻው ወደ ወለሉ ይወርድ ነበር። እንዲህ ሆነው ከመጋረጃው ወጡ። ማንም አልሳቀም። ሙሽራዋ ፎቶግራፉን አየች፣ አባቷን አየች፣ ቀስ ብላም፣ «አባዬ፣ ይሄ የማን ኮት ነው?» አለች።

አባ ቀበቶም የኮቱን ጫፍ ገልብጠው ወደ ብርሃን አቀረቡት። ለሰፊ ስፌት ማለት የእጅ ጽሕፈት ነው። የጀርባውና የጎኑ ትርፍ ጨርቅ እስከ ጫፉ ተለቅቋል፤ የማንን እጅ እንደሚመስል አወቁ። ቁልፎቹ ወደ ዳር ተሰድደዋል፤ አወቁ። የደረቱ ሱፍ በእንፋሎት ተስቦ ተለጥጧል፤ የሱሪው ወገብ በውስጥ ተፈትቶ በሌላ ክር ተይዟል፤ እነዚህንም አወቁ። እያንዳንዱ በስውር ሲያሰፋ የሌላውን አላየም፤ ሰው የሚያየው የየሙያውን ነውና። ማን ነው ብለው አልጠየቁም። «ሰዓት አለን» አሉ፤ «ሁሉም የፈታውን ያውቃል።»

ያን ጊዜ ማንም ማንንም ሳያዝ፣ ቆራጩ ቀጥታ ወደ ጀርባው ሄደ። ቁልፍ ተካይዋ መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ ወደ ቁልፎቹ ጎነበሰች። ተኳሹ ጨርቅ ነክሮ፣ ለጥጦት የነበረውን ደረት መልሶ ሊሰበስብ ካውያውን አጋለ። ባለቤታቸውም አስቀድሞ ክር የገባበት መርፌ ከነጠላቸው ጫፍ ነቅለው በሱሪው ወገብ ላይ ተንበረከኩ፤ ለሱሪውም እንዲህ አሉት፦ «ሦስቴ ሲወድቅ አይቼ፣ ልጁ ፊት ደግሞ ይውደቅ ብዬ ዝም ልበል?» ቀና ብለውም ለባላቸው፣ «አንተስ፣ ሱቅ በላሁ ስትለኝ የከረምከው?» ቆራጩም ከጀርባ በኩል፣ «ለኛ ቤት በላሁ ነበር የሚሉን፣ እትዬ» አለ።

ታላቅ እህታቸው ብቻ ከበሩ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመው፣ «አልኩ እኮ» ሲሉ አወጁ። «ትዕግሥት ነው። እናንተ በጎመንና በሎሚ ስትራወጡ፣ ከዚህ ቤት ያመንኩበት እኔ ብቻ ነኝ።» እውነትም ነበርና ሁሉም በየስፌታቸው ላይ አጎነበሱ።

ስለዚህ ለአባ ቀበቶ ምስጋና ይገባል፤ ለሆድ ገሪ፣ ለቀዳዳ መላሽ፣ ጎመን ላልበገራቸው፣ ሎሚ ላልቆረጣቸው፣ እንቁላል ለከዳቸው፣ በግማሽ ሰሃን ሙሉ ዘመን ለተዋጉ፣ ያለ ጦር ያለ ጋሻ ከአውቶቡስ ለወረዱ፣ ለሴት ልጃቸው የሰጡትን ቃል በገዛ ሥጋቸው ለፈጸሙ፣ ዝናቸው ከእግር መኪናው ድምፅ በላይ ከፍ ይበል።

ይህም ሲባል ቆራጩ የጎኑን ስፌት ሊይዝ ፈልጎ ክንዳቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ለመናቸው፤ አነሡም። ከብብቱ ሥር፣ ከኮቱ ጋር ለመመሳሰል የታሰበ፣ ግን ያልተመሳሰለ ጣልቃ ጨርቅ ገብቶ ነበር። ስፌቱ ከዚያ ቤት እጅ አንዱንም አይመስልም፤ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ታስሮ፣ ለብቻው ተቋጥሮ፣ ጫፉ እኩል ተቆርጧል፤ ቁስል እንደሚሰፋ። ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

እህታቸው ቦርሳቸውን ከፍተው ትንሿን መቀስ አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ ወንድማቸውም ቀርበው፣ «ክንድህን አታውርድ» አሉ፤ «አያምህም።»