መድኃኒት ያልታዘዘላት ድመት

ሐኪም ዘንድ ሄዶ ባዶ እጁን በመመለሱ ደስ ያለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስከ ዘንድሮ አላየሁም። በእኛ ሰፈር፣ በሴቻ፣ ሰው ክሊኒክ የሚሄደው ሊመረመር ሳይሆን ሊወጋ ነው። መርፌ የወጋ ሐኪም “እጁ መድኃኒት ነው” ይባልለታል። ክኒን የሰጠም ክፉ አይባልም። “ምንም የለብዎትም፤ ውኃ ይጠጡ፣ ይረፉ” ብሎ የሸኘ ግን ስሙ ጠፋ፤ “አላወቀውም” ይባላል። አንዲት ጎረቤታችን ጉንፋን ይዟቸው ሦስት ክሊኒክ ዞሩ። ሦስቱም ውኃ ጠጡ አሏቸው። አራተኛው ወጋቸው፣ በማግስቱ ዳኑ። ጉንፋኑ እንደሆነ በዚያው ቀን ሊለቃቸው የተዘጋጀ ነበር፤ ምስጋናውን ግን መርፌው ወሰደው።

እንግዲህ ላወራችሁ የፈለግሁት ምንም ባለመስጠቷ ስለማከብራት ሐኪም ነው። እሷም ብትሆን የሰው ሐኪም አይደለችም።

ድመታችን ሙዚት ትባላለች። ስሟን ያወጣላት አጎቴ ማርቆስ ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ያለው ሰው ቢጫ ነገር ሲያይ ሌላ ስም አይመጣለትም። ቤታችን ውስጥ እማዬ፣ እኔና ታላቅ እህቴ ሰናይት አለን። ሰናይት ባለትዳር ናት። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ፣ ስታረግዝ እማዬ “እዚህ ሆነሽ ትወልጃለሽ” ብላ አመጣቻት። አምና አንድ ፅንስ ወርዶባታል። ለዚያ ልጅ የተገዙት ልብሶች አልጋዋ ሥር በቦርሳ እንደታሰሩ ናቸው። ዘንድሮ አንድ ካልሲ እንኳ አልተገዛም። ለምን እንዳልተገዛ ማንም አልጠየቀም፤ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰናይት ስትተኛ ሙዚት እግሯ ሥር ትተኛለች። ስትነሣ ትነሣለች። እኔ ለሁለት ዓመት የቀለብኳት ድመት፣ እህቴ በመጣች በሳምንቷ ረሳችኝ። ቅር አላለኝም አልልም።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ተማሪ ነው። የእንስሳት ሕክምና የሚማር ልጅ ለመመረቂያ ጥናቱ የድመት ደም እየሰበሰበ በር ለበር ይዞር ነበር። እማዬ የሰው ልጅ ለፍቶ ሲማር ማሳፈር አትወድም፤ ሙዚትን ይዛ አስወጋቻት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጁ ደወለ። የድመቷ ደም ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ነገር ምልክት ተገኝቷል፣ ለድመቷ ብዙም አያሳስብም፣ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል አለ። እማዬ “ምን ዓይነት ጥንቃቄ?” ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ።

መልሳ ደወለች፤ አይነሣም። ደጋግማ ደወለች፤ ጭራሽ አይጠራም። ለካ ልጁ የጨንቻን ድመቶች ሊወጋ ወደ ተራራው እየወጣ ኖሯል። መድኃኒቱን ሳይነግረን በሽታውን ብቻ ጥሎልን ሄደ።

ከዚያማ ሰፈሩ ጥናቱን ቀጠለ። አንዷ የድመት ፀጉር ማኅፀን ውስጥ ይገባል አለች። ሌላዋ ድመት የነበራት የአጎቷ ልጅ ሚስት ዓይነ ስውር ልጅ ወለደች አለች። የአጎቷን ልጅ ስም ስትጠየቅ ግን አላስታወሰችም። እማዬ የበሽታውን ስም መጥራት ስላቃታት “ያ ነገር” ትለው ጀመር። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ስም ካለው ይበልጥ ያስፈራል። ሰናይት የሙዚትን ምንጣፍ ከክፍሏ አውጥታ በረንዳ ላይ አነጠፈችና በሯን ዘጋች። ሙዚት የተዘጋው በር ሥር ተቀመጠች።

አጎቴ ማርቆስ ወሬውን እንደሰማ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ መጣ። ድመቷን ከትቶ ኩልፎ ማዶ ሊጥላት ነው። እንዳትፈርዱበት። አምና ሰናይት ደም ሲፈስሳት፣ ለገበያ የጫነውን ሙዝ በሙሉ አስፋልት ዳር አራግፎ፣ እሷን ተሸክሞ መኪናው ላይ አውጥቶ ሆስፒታል ያደረሰ እሱ ነው። ሙዙን ተመልሶ አላነሣውም፤ የት እንደደረሰም አልጠየቀም። እንደዚህ ያለ ሰው ስለ አንዲት ድመት እንዲጨነቅ እንዴት ይጠበቃል?

እማዬ ግን ነፍስ ያለው ነገር መጣል አትችልም። እሷ ያሰበችው ማከም ነው። ፋርማሲ ሄዳ “ለድመት” ብላ ጠየቀች፤ ከሰው መድኃኒት ውስጥ ለዚህ የሚሆን አለ ብለው እንክብል ሸጡላት። ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ ሻጩም አያውቅም። እንክብሉን ከፍታ ወተት ላይ ልትበትነው ተነሣች።

እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ጫማዬ ውስጥ የሚገባ ልጅ ነኝ። “ዝም አይነቅዝም” የሚለውን ተረት ያወጣው የኔ ቢጤ ሳይሆን አይቀርም። በዚያን ቀን ግን፣ አንዱ ማዳበሪያ አንዷ ወተት ይዘው ሲከራከሩ፣ “ሐኪም ይያት” አልኩ። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ሁለቱም ዙሪያቸውን አዩ። እማዬ ወተቱን አስቀመጠች። አጎቴ እስከ ነገ ማታ ድረስ ጊዜ ሰጠኝ።

በማግስቱ ሙዚትን ዘንቢል ውስጥ አድርጌ፣ አፉን በነጠላ አስሬ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዘንቢሉ ሲንቀሳቀስ አይተው “ዶሮ ናት?” አሉኝ። ድመት ነች ብል ብዙ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። በስንት እንደገዛኋት፣ እንቁላል ትጥል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለሁሉም ራሴን ነቀነቅሁ። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ስንደርስ ዶሮዬ ረጅም ሚያው አሰማች። ሴትየዋ እስከ ሲቀላ አላናገሩኝም። ሲወርዱ ብቻ ረዳቱን፣ “የዘንድሮ ልጆች ምን እንደሚበሉ አይታወቅም” አሉት።

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ በጥጃና በአህያ ተሞልቷል። ድመት ይዤ ተራ ስይዝ አንድ ገበሬ ለሌላው በጋሞኛ አንድ ነገር አለው፤ ተሳሳቁ። ሐኪሟ ዶክተር ጽጌ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ጓንት ለብሳ ከአንዲት ላም ጋር ነበረች። ቀጭን ናት፣ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነው፤ ላሟ ግን ትታዘዛታለች። እኔ ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ ማዘዝ የሚቻል አይመስለኝም ነበር። የዚያን ዕለት ተማርኩ።

ተራዬ ሲደርስ አልሳቀችብኝም። ሙዚትን ልክ እንደ ሰው ልጅ መረመረቻት። ዓይኗን በባትሪ አየች፣ ትንፋሿን አዳመጠች፣ ሙቀቷን ለካች፣ ወለሉ ላይ አራመደቻት። ትበላለች? ታስላለች? ከስታለች? እያለች ጠየቀችኝ። ስመልስ ጆሮዋን ወደ አፌ እያስጠጋች ሰማችኝ እንጂ እንደ ሌላው ሰው “ጮክ በይ” አላለችኝም።

ከዚያ ነገሩን በቀላሉ አስረዳችኝ። በሙዚት ደም የተገኘው ምልክት ድሮ ተይዛ እንደነበረ የሚናገር ነው፤ ክንዳችን ላይ እንዳለው የክትባት ጠባሳ። ድመት መጀመሪያ በተያዘች ጊዜ ለሁለት ሳምንት ገደማ የጥገኛ ተሐዋሲውን ዘር በዓይነ ምድሯ ታወጣለች፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አታወጣም። ያለው መድኃኒት ሥጋዋ ውስጥ የተኛውን ነቅሎ አያወጣውም። ዓይኗ ቢታመም፣ ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ብትዝል ያን ጊዜ ራሷ እንደምትሰጣት ነገረችኝ። ጤነኛ ድመት ግን ሰው ስለፈራ ብቻ መድኃኒት አይሰጣትም። ለሰናይት የሚበጀው ሌላ ነው፦ ድመቷ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረግ፣ አፈር የነካ እጅና አትክልት በደንብ ይታጠብ።

“ምን ታበሏታላችሁ?” አለችኝ በመጨረሻ።

እውነቱን ነገርኳት። አጎቴ ማርቆስ እሑድ እሑድ ሥጋ ይዞ ይመጣል። ቁርጡን በዳጣ እያጠቀሰ ሲበላ ሙዚት እግሩ ሥር ትቀመጣለች። አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእሷ። ጥርስ ካወጣች ጀምሮ እንደዚሁ ነው።

ዶክተር ጽጌ ሳቋ መጣና አፏን በእጇ ልትሸፍን አለች፤ እጇ ላሟ ውስጥ ገብቶ እንደነበረ ትዝ ሲላት ተወችው። ያ ነገር ጥሬ ሥጋ ውስጥም እንደሚገኝ፣ ድመትም ሰውም ከዚያ ሊይዘው እንደሚችል ነገረችኝ። ሙዚት ከአይጥ አግኝታው ሊሆን ይችላል፤ ከአጎቴ እጅ ተቀብላውም ሊሆን ይችላል። ይህን ለአጎቴ እንድነግረው ልትለኝ አየችኝ። ድምፄን አስባ መልሳ አየችኝ። ከዚያ ቤታችን የት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ከሥራ ስትወጣ፣ ያን ሁሉ ላምና አህያ ስታይ ውላ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ሴቻ ድረስ መጣች። እማዬ አቮካዶ ጨምቃ አቀረበችላት። አጎቴ ማዳበሪያውን እንደያዘ ነበር።

“ዶክተር፣ መርፌ ይዘሻል?” አላት።

“አልያዝኩም።”

“ክኒንስ?”

“እሱንም አልያዝኩም።”

“ታዲያ ምን ልትሰጪያት መጣሽ?”

“ምንም እንዳይሰጣት ልነግራችሁ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።”

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። “ሐኪም አምጪ ብንልሽ…” ብሎ ተወው። ዶክተር ጽጌ ለእኔ ያለችውን ሁሉ ለእነሱም ደገመችላቸው። የጥሬ ሥጋው ነገር ላይ ስትደርስ ፊቷን ወደ አጎቴ አላዞረችም፤ አቮካዶዋን እያየች ተናገረች። እንደዚያ ያለ ጨዋነት የት ይሸጣል? አጎቴ ማዳበሪያውን ሁለት ጊዜ አጠፈና ወንበሩ ሥር አደረገው።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ሰናይት ለካ ሁሉንም ከውስጥ ስትሰማ ኖራለች።

“ልጄ ደኅና ነው?” አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

ማንኛችንም ብንሆን “ደኅና ነው” እንል ነበር። እኛ እንዲህ ነን፤ ማጽናኛ እንጂ መልስ አንሰጥም። ዶክተር ጽጌ ግን ተነሥታ አጠገቧ ቆመች።

“እሱን እኔ አላውቅም፣ ሰናይት። እኔ የላምና የድመት ሐኪም ነኝ። የሰው ሐኪም ደምሽን ይይልሽ፣ እሱ የሚልሽን እመኚ። ስለ ድመቷ ግን እኔን እመኚኝ።”

ይህን የመሰለ “አላውቅም” ሰምቼ አላውቅም። የትምህርት ቤት “አላውቅም” ያሳፍራል፤ የእሷ ግን ወንበር ስቦ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ሰናይት ከስንት ቀን በኋላ እህል ቀመሰች።

ደሟ ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። እኔ በላስቲክ ጓንት አሸዋ እጠርጋለሁ። እማዬ ጎመኑን ቀለሙ እስኪለቅ ታጥባለች። አጎቴ ሥራውን ትቶ በየቀኑ ይመጣል፤ ገብቶ ሙዚትን አፍጥጦ ያያታል፣ ይወጣል። እንክብሉ መደርደሪያ ላይ ነው። እማዬ አንዳንዴ ታነሣውና “ትንሽ ብንሰጣት ምን አለበት?” ትላለች። ማድረግ ቀላል ነው ለካ፤ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ነው ጉልበት የሚጨርሰው።

ውጤቱ መጣ። የሆስፒታሉ ሐኪም አየውና ሰናይትም ድሮ፣ ከማርገዟ በፊት፣ ተይዛ እንደነበረ፣ አሁን አዲስ የያዛት ነገር እንደሌለ ነገራት። አንዴ ይዞ ያለፈ ስለሆነ ሰውነቷ ያውቀዋል፤ ለዚህኛው ልጅ የሚያሰጋ አይደለም። ጥሬ ሥጋ ግን ይቅርብሽ አላት። ያምናው ፅንስ የወረደው በዚህ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀችው፤ እሱም አላውቅም አላት። በዚያ ብቻ ትንሽ አለቀሰች።

ቤት ስትገባ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ሙዚትን አነሣቻት። “እኔና አንቺ አንድ ነን አሉ” አለቻት። ከዚያ የምንጣፉን ጫፍ ይዛ ወደ ክፍሏ ጎተተችው። ከሰዓት በኋላ አልጋ ሥር የነበረውን ቦርሳ ፈትታ ትንንሾቹን ልብሶች ገመድ ላይ ፀሐይ አስመታቻቸው። እማዬ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ኩሽና ገብታ ግን ብዙ ቆየች።

እሑድ አጎቴ እንደ ልማዱ ሥጋ ይዞ መጣ። ከእንግዲህ ለሙዚት ጥሬ እንዳይሰጣት ያወጀው እሱ ራሱ ነው። የእሷንና የሰናይትን ድርሻ ለይቶ እማዬን “በደንብ ይብሰል፣ ደም እንዳይታይበት” አላት። እስኪበስል ሁለት ጊዜ የድስቱን ክዳን ከፍቶ አየው። ለድመቷ አቀዝቅዞ በእጁ ቆራርጦ አቀረበላት። እኔ በኩራት ተመለከትኩት፤ ሰው በአንድ ሳምንት እንዲህ ሲማር ማየት ያስደስታል።

ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ዳጣውን ወደ ራሱ አስጠጋ፣ ቢላዋውን አነሣ፣ ከቀረው ቀይ ሥጋ አንድ ወፍራም ቆረጠ።

“አጎቴ፣ አንተስ?” አለችው ሰናይት።

“እኔን ደግሞ ምን ነካኝ?” አላት እያጠቀሰ። “ዶክተሯ ያየችው ድመቷን ነው።”

ሙዚት የተቀቀለውን አሸተተች፣ ወደ ላይ አየችው፣ ቅር እያላት በላች። ዶክተር ጽጌ ድመቷን አዳነቻት፣ እህቴን አስተኛቻት፣ እማዬን ጎመን ማጠብ አስተማረቻት። ይህን ሁሉ ያደረገችው አንድ ክኒን ሳትሰጥ ነው። የአጎቴ ማርቆስ ሐኪም ግን ገና አልተወለደም።

በሚያዝያ አንድ ሰው እንጠብቃለን፤ እንግዲህ እሱን ሞክረን እናያለን።